ራስን ከመለካት በፊት

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር የማይለካው ነገር የለም። እህሉን በቁና፥ ጨርቁን በክንድ፥ ወርቁን በሚዛን፥ ዕድሜውን በዓመት ይለካል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ራሱን መለካት ነው። እህል በሚሰፈርበት ጊዜ ሰፋሪው ሌላ፥ የሚሰፈረውም ሌላ ነው። ሰው ራሱን ሲለካ ግን ሰፋሪውም፥ ተሰፋሪውም፥ ከዳር ቆሞ የሚመሰክረውም ያው እርሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ስሕተት ቢገባ የሚያርመው፥ ማታለል ቢኖርም የሚገልጥበት ሌላ ሰው የለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ ሰው የገዛ ኀይሉን፥ ጤናውንና ጠባዩን ለመመርመር በተነሣ ጊዜ አስቀድሞ ምን ዐይነት መሰናዶ ሊያደርግ እንደሚገባው፥ መሰናዶውም ሁልጊዜ አንድ ዐይነት መሆን ያለበት ስለ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ራሱን በማይገባ ሰዓት መዝኖ፥ ያገኘውንም ልክ እንደ መጨረሻ ፍርድ ተቀብሎ የሕይወቱን መንገድ ያጣመመ ሰው ብዙ ስለ ሆነ፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ጥቂት ልብ ሰጥተህ ብትመለከተው አትጐዳም።

አስቀድመን ወደ ገበያ እንውጣ። ቁናው አንድ ቢሆንም አሰፋፈሩ ብዙ ነው። አንዱ ነጋዴ ሲገዛ እህሉን እየነቀነቀና እየጠቀጠቀ እስኪከመር ድረስ ይሰፍራል፤ ሲሸጥ ግን ሳይነቀንቅ የቁናውን አፍ በእጁ ጠርጎ ይሰጣል። ቁናው አልዋሸም፤ የዋሸው አሰፋፈሩ ነው። ጨርቅም በክንድ በሚለካበት ቦታ የረዥሙ ሰው ክንድና የአጭሩ ሰው ክንድ እኩል አይሆንምና፥ ሻጭና ገዢ በማን ክንድ እንደሚለካ አስቀድመው ካልተስማሙ ጠብ ይነሣል። ከዚህ የምንማረው፥ ልክ የሚባለው ነገር በመለኪያው ዕቃ ብቻ የሚቆም አለመሆኑን ነው። መለኪያው፥ የሚለካው ነገር፥ የአለካኩም ሥርዓት ሦስቱ ተባብረው ያቆሙታል። ከሦስቱ አንዱ የተለወጠ እንደ ሆነ ቍጥር ይወጣል እንጂ እውነት አይወጣም።

ይህን ነገር በገዛ አካሉ ላይ የፈተነ አንድ ሰው ነበረ። ሳንቶሪዮ ሳንቶሪዮ የተባለ የኢጣልያ ሐኪም፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1561 ዓመተ ምሕረት ተወልዶ (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናን ያስተምር ነበር። ይህ ሰው ከትልቅ ሚዛን ላይ ወንበር አንጠልጥሎ፥ በወንበሩ ላይ እየተቀመጠ ይበላና ይመዘን ነበር። የሚበላውንና የሚጠጣውን፥ ከሰውነቱም የሚወጣውን ሁሉ እየመዘነ 30 ዓመት ያህል ቈየ። ያገኘውንም በ1614 በመጽሐፍ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ የገለጠው ትልቅ ነገር፥ ከሰው ሰውነት በግልጥ የሚወጣው ወደ ውስጥ ከገባው በብዙ የሚያንስ መሆኑን ነው። በርሱ ግምት ሰው በቀን ስምንት እጅ ቢበላና ቢጠጣ፥ አምስቱ እጅ ያህል ለዐይን ሳይታይ ከቈዳውና ከትንፋሹ ተንኖ ይጠፋል።

ሳንቶሪዮ ስለ በሽታ መነሻ የሰጠው ትምህርት ሁሉ ዛሬ ተቀባይነት ያለው አይደለም። እኛን የሚጠቅመን ግን የሠራበት መንገድ ነው። አንድ ቀን ብቻ ተመዝኖ ቢተው ኖሮ፥ በእጁ የሚቀረው አንድ ባዶ ቍጥር ነበር። በዚያው ወንበር፥ በዚያው ሚዛን፥ ከምግብ በፊትና በኋላ ደጋግሞ ስለ ተመዘነ ግን የማይታየው ነገር ተገለጠለት። ምስጢርን የሚያወጣው የሚዛኑ ትልቅነት ሳይሆን የመዛኙ ጽናት መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከርሱ በኋላ የተነሣው ላቮአዚዬ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ፥ ሴጌን ከሚባለው ባልደረባው ጋራ ሆኖ በ1789 ገደማ ሰው ሲተነፍስ የሚፈጀውን ኦክሲጅን ለመለካት ተነሣ። ተለኪው ሴጌን ራሱ ነበር። አንድ ጊዜ ሳይበላ ዐርፎ፥ ሌላ ጊዜ በልቶ፥ ሌላ ጊዜ በብርድ ቦታ ሆኖ፥ ሌላ ጊዜም ክብደት እያነሣ ተለካ። ሰውዬው አንድ ሰው ሲሆን ቍጥሩ ግን ልዩ ልዩ ሆኖ ተገኘ። ምግቡም፥ ብርዱም፥ ሥራውም እየራሳቸው የሰውነቱን ፍጆታ ከፍ ያደርጉት ነበር። እንግዲህ «ሴጌን ምን ያህል ኦክሲጅን ይፈጃል?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፥ «በምን ሁኔታ ላይ ሳለ?» የሚል ጥያቄ ካልተመለሰለት በቀር ሊሰጠው የሚቻል መልስ የለም። ላቮአዚዬ በ1794 በፈረንሳይ አብዮት ዘመን አንገቱን ተቈርጦ ሞተ፤ ያነሣው ጥያቄ ግን ከርሱ ጋራ አልተቀበረም።

ጥያቄውን የተከተሉት ሊቃውንት፥ ሰው ምንም ሥራ ሳይሠራ ለመኖር ብቻ የሚያወጣውን ኀይል ለይተው ለማወቅ ፈለጉ። ልባችን ለመምታት፥ ሳንባችን ለመተንፈስ፥ ሰውነታችንም ሙቀቱን ለመጠበቅ የሚያወጣው ኀይል አለ። ይህን ለመለካት የተመረጠው ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። ተለኪው ከመጨረሻው ምግብ በኋላ 12 ሰዓት ያህል ምንም ሳይበላ ይቈያል። ከመለካቱ በፊት ከባድ ሥራ አይሠራም። በጀርባው ይጋደማል፤ ነገር ግን አያንቀላፋም። ክፍሉ የሚያንቀጠቅጥም የሚያልብም አይሆንም። በአሜሪካ ሃሪስና ቤኔዲክት የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት 136 ወንዶችና 103 ሴቶች የተለኩበትን ውጤት ሰብስበው በ1919 አሳተሙ፤ ከዚያም ከሰው ቁመት፥ ክብደትና ዕድሜ ተነሥቶ ይህን ኀይል በግምት የሚያሰላ ቀመር አወጡ። ቀመራቸው እስከ ዛሬ ድረስ በምግብ ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የሚያይ ሰው «ለአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ወግ ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። ከነዚያ ሰዎች አንዱ ቡና ጠጥቶ፥ ሁለተኛው ደረጃ በሩጫ ወጥቶ፥ ሦስተኛው ከጎረቤቱ ተጣልቶ ቢመጣ፥ በመካከላቸው የታየው ልዩነት የሰዎቹ ይሁን፥ ወይም የቡናው፥ የደረጃውና የጠቡ ይሁን ማን ይለየዋል? መሰናዶ ማለት እንግዲህ እንግዳውን ነገር ከደጅ አስቀርቶ ባለቤቱን ብቻ ወደ ሚዛኑ ማስገባት ነው።

ነገሩ የሊቃውንት ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልህ፥ በየቤታችን ወደ ገባው መለኪያ እንምጣ። በ1896 ሪቫ ሮቺ የተባለ የኢጣልያ ሐኪም በክንድ ላይ የሚጠመጠም የደም ግፊት መለኪያ አወጣ። በ1905 ደግሞ ኮሮትኮፍ የተባለ የሩሲያ ሐኪም ከመለኪያው በታች በማዳመጫ የሚሰማውን ድምፅ እየተከተለ ላይኛውንና ታችኛውን ቍጥር የሚለይበትን መንገድ አሳየ። ዛሬ ይህ መሣሪያ ከሐኪም ቤት ወጥቶ በየመኖሪያ ቤቱ ገብቷል። በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆችም ለእናትና ለአባታቸው ገዝተው ይልኩታል። መልካም ስጦታ ነው። አጠቃቀሙ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲሆን ይታያል። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቧል፤ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ይጠበቃል። የቤቱ ልጅ መሣሪያውን ያወጣል። «እስቲ ለኔም ለካልኝ፥ ልጄ» ይላሉ አንዲት እናት፤ ክንዳቸውን ከነሹራባቸው ይዘረጋሉ። እየተለኩ ወሬ ያወራሉ፤ ይሥቃሉ። ቍጥሩ ከፍ ብሎ ሲወጣ ሣቁ ይቆምና ድንጋጤ ይገባል። ሁለተኛ ሲለኩ ደግሞ በድንጋጤው ምክንያት የባሰ ይሆናል።

ሐኪሞች ያስቀመጡት ሥርዓት ግን ይህ ነው። ከመለካት በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ቡና አይጠጣም፥ ትንባሆ አይጨስም፥ ከባድ እንቅስቃሴም አይደረግም። ሽንት ያለበት ሰው ሸንቶ ይመጣል። ጀርባውን ደግፎ፥ እግሩን ሳያነባብር በመሬት ላይ አሳርፎ፥ 5 ደቂቃ ያህል ጸጥ ብሎ ይቀመጣል። ክንዱ ተራቍቶ በልብ ትክክል በጠረጴዛ ላይ ያርፋል። በሚለካበት ጊዜ አይነጋገርም። አንድ ጊዜ ብቻም ተለክቶ አይተውም፤ ጥቂት ቈይቶ ይደገማል፤ በልዩ ልዩ ቀንም ይለካና ውጤቱ ይመዘገባል። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ብቻ ግፊታቸው ከፍ የሚል፥ በቤታቸው ግን ደኅና የሆነ ሰዎች መኖራቸውም የታወቀ ስለ ሆነ፥ በቤት በሥርዓት የተለካ ቍጥር ለሐኪሙ ትልቅ ርዳታ ነው።

እዚህ ላይ የሚጠፋው ነገር ቀላል አይደለም። ሳይታመም ታመሃል የተባለ ሰው፥ የማያስፈልገውን መድኃኒት ለዓመታት ሊውጥ ይችላል። ታሞ ሳለ ደኅና ነህ የተባለው ደግሞ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል፤ በሽታውም ሕመም ሳያሰማ ልቡን፥ አንጎሉንና ኩላሊቱን ይጐዳበታል። አምስት ደቂቃ ጸጥ ብሎ መቀመጥን የናቀ ሰው አምስት ደቂቃ ያተረፈ ይመስለዋል፤ የከሰረው ግን ምን ያህል እንደ ሆነ አያውቅም።

አሁን ግን አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። «ሰው በዕረፍትና በጸጥታ ብቻ የሚኖር አይደለም። ይደክማል፥ ይሮጣል፥ ይቈጣል፥ ቡናም ይጠጣል። ታዲያ ተዘጋጅቶና ዐርፎ የሚለካው ሰው እውነተኛው ሰው ነውን? እውነተኛው ኑሮው በድካሙ መካከል ያለው አይደለምን?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ሐኪሞችም ቢሆኑ አንዳንድ ጊዜ መለኪያውን ሙሉ ቀንና ሌሊት በሰውዬው ክንድ ላይ አስረው፥ በሥራውም በእንቅልፉም ላይ ሳለ ይለኩታል። የልብን ጥንካሬ ለማወቅም ሰውን እያስሮጡ ይመረምራሉ።

ነገር ግን ልብ ብለን ብንመለከተው፥ ይህ መሰናዶን የሚያፈርስ ክርክር አይደለም። እየሮጠ የሚለካ ሰው ቀድሞ ዐርፎ ሳለ ምን እንደ ነበረ ካልታወቀ፥ ሩጫው ምን እንዳደረገበት አይታወቅም። ሯጭ ጧት ከእንቅልፉ ሲነቃ ከአልጋው ሳይነሣ የልቡን ትርታ ይቈጥራል። በየቀኑ በዚያው ሰዓትና በዚያው ሁኔታ ስለሚቈጥር፥ አንድ ቀን ከልማዱ ከፍ ብሎ ያገኘው እንደ ሆነ ድካም ወይም ሕመም እየመጣበት እንደ ሆነ ይጠረጥራል፤ ልምምዱንም ያቀላል። ዛሬ ከቍርስ በኋላ፥ ነገ ደረጃ ከወጣ በኋላ ቢቈጥር ኖሮ ይህን ምልክት ከየት ያገኘው ነበር? ስለዚህ ያረፈው ሰው ከደከመው ሰው ይበልጥ እውነተኛ ነው አንልም። ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው። የምንለው፥ ዕረፍት ከዕረፍት ጋራ፥ ድካምም ከድካም ጋራ ይነጻጸር ነው። የዛሬውን ድካም ከትናንቱ ዕረፍት ጋራ አስተያይቶ «ወደቅሁ» ማለት፥ የዛሬውን ዕረፍት ከትናንቱ ድካም ጋራ አስተያይቶ «በረታሁ» ማለት፥ ሁለቱም ራስን ማታለል ነው።

ሁለተኛው ነገር፥ መሰናዶንና ማስመሰልን ለይቶ ማወቅ ነው። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። አንዱ ለመመዘን ሲል ይጾማል፤ ሌላውም ለመመዘን ሲል ይጾማል። የመጀመሪያው ግን እውነቱ እንዲታወቅ፥ ሁለተኛው እውነቱ እንዳይታወቅ ነው። በትግልና በቡጢ ውድድር ተወዳዳሪዎች በክብደት ይመደባሉ። ስለዚህ ዝቅ ባለው ምድብ ገብተው ብልጫ ለማግኘት ሲሉ፥ ውሃ ከመጠጣት ተከልክለው በሙቀት ውስጥ እየሠሩ ሰውነታቸውን የሚያደርቁ አሉ። በ1997 በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች በዚህ መንገድ ክብደታቸውን ለመቀነስ ሲታገሉ፥ ከኅዳር መጀመሪያ አንሥቶ በአምስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ አንዱ ካንዱ ቀጥሎ ሞቱ። ከዚያም በኋላ የክብደት አመዛዘን ደንቡ ተለወጠ። እነዚያ ወጣቶች ሰነፎች አልነበሩም፤ ትጉሆች ነበሩ። ትጋታቸው ግን ለአንዲት የሚዛን ሰዓት ብቻ ሆነና ሕይወታቸውን በላው።

መሰናዶህ የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ ሁለት ጥያቄ ጠይቅ። የመጀመሪያው፥ «ይህን የማደርገው በየጊዜው ነው ወይስ ለዛሬ ብቻ?» የሚል ነው። ሁለተኛው፥ «ያደረግሁትን ሁሉ ለመዛኙ ብነግረው አፍራለሁን?» የሚል ነው። በየጊዜው የምታደርገው፥ ለመናገርም የማታፍርበት ከሆነ መሰናዶ ነው። ለአንድ ቀን የተደረገና የሚደበቅ ከሆነ ማስመሰል ነው። ፈተና ሲደርስ አንድ ሌሊት አድሮ የሚሸመድድ ተማሪ፥ ሹም ሲመጣ ብቻ የሚጠረግ ቢሮ፥ እንግዳ ሲገባ ብቻ የሚለሰልስ ጠባይ፥ ሁሉም የደረቀው ታጋይ ወንድሞች ናቸው።

ሦስተኛው ነገር ይልቁንም ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነው። አንድ ሰው በጽናት በአንድ ዐይነት መሰናዶ ስለ ተለካ ብቻ እውነትን አገኘ ማለት አይደለም። የተበላሸ ሚዛን ሁልጊዜ ሁለት ኪሎ ይጨምር እንደ ሆነ፥ በየጧቱ ብትመዘንበት በየጧቱ በጽናት ያሳስትሃል። በ1939 ኪርሊያን የተባለ የሩሲያ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፥ እጅን በኤሌክትሪክ ኀይል ውስጥ በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ ሲያሳርፉት በጣቶቹ ዙሪያ ብርሃን የሚታይበትን ሥዕል ማንሣት ጀመረ። ብዙዎችም ይህን የነፍስ ወይም የሕይወት ኀይል ሥዕል ነው አሉ፤ የሰውን ጠባይና ጤና በዚህ እናነባለን የሚሉም ተነሡ። ነገር ግን በ1976 የታተመ አንድ ምርምር፥ ለሥዕሉ መለዋወጥ ዋናው ምክንያት በቈዳው ላይና በዙሪያው ያለው እርጥበት መሆኑን አሳየ። እንግዲህ ሰው እጁን በየቀኑ በአንድ ዐይነት ሳሙና ታጥቦ፥ በአንድ ዐይነት ፎጣ አድርቆ፥ በአንድ ሰዓት ቢነሣ በየቀኑ ተመሳሳይ ሥዕል ያገኝ ይሆናል። ተመሳሳይነቱ ግን የላቡን ነገር እንጂ የነፍሱን ነገር አይነግረውም።

ዛሬ ደግሞ በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ሰዓት የልብን ትርታ ቈጥሮ፥ እንቅልፍን ገምቶ፥ «ዛሬ ኀይልህ ይህን ያህል ነው» የሚልበት ዘመን ደርሷል። የልቡ ትርታ የሚቈጠር ነገር ነው፤ «ኀይልህ» የተባለው ቍጥር ግን ከብዙ ግምት የተቀመረ ነው። ስለዚህ ሰው የሚለካበትን መሣሪያ ሲመርጥ «በምን ትዘጋጃለህ?» ከመባሉ በፊት «በእውነት የምትለካው ምንድን ነው?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል። ጽናት ለሐሰት መለኪያ አገልጋይ ከሆነ፥ ስሕተትን የበለጠ የታመነ ያደርጋል እንጂ አያርመውም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሥጋ ነው። የነገሩ ዋና ፍሬ ያለው ግን ከዚህ በላይ ነው፤ ሰው ከሰውነቱ ይልቅ ጠባዩንና ችሎታውን በሚበዛ ድፍረትና ባነሰ መሰናዶ ይለካልና። የደም ግፊቱን ለመለካት አምስት ደቂቃ የሚቀመጥ ሰው፥ «እኔ ምን ዐይነት ሰው ነኝ?» የሚለውን ትልቅ ጥያቄ እኩለ ሌሊት ላይ፥ ተርቦና እንቅልፍ አጥቶ ይመልሰዋል።

አንድ ወጣት ተማሪ በሐሳብህ አስብ። ከገጠር መጥቶ በከተማ በዘመድ ቤት ተጠግቶ ይማራል። ሌሊቱን ሲያጠና አድሯል፤ ምሳ አልበላም፤ ከሰዓት በኋላ የፈተናው ውጤት ተነገረውና ዝቅ ብሎ አገኘው። ወደ ቤት ሲመለስም የጓደኛውን ከፍተኛ ውጤት በመንገድ ላይ ሰማ። በዚያች ሌሊት በአልጋው ላይ ሆኖ ራሱን ይመዝንና፥ «እኔ ለትምህርት አልተፈጠርሁም» ብሎ ይፈርዳል። በማግሥቱ መጻሕፍቱን ሰጥቶ ወደ ሌላ ኑሮ ይሄዳል። ይህ ፍርድ የማን ነው? ግማሹ የረኃቡ፥ ግማሹ የእንቅልፍ ማጣቱ፥ ጥቂቱም የቅናቱ ነው፤ የልጁ የራሱ ድርሻ ግን ምን ያህል እንደ ሆነ አልተለካም። ምናልባት በእውነት ትምህርቱ አይስማማው ይሆናል። ነገር ግን ያ እውነት ቢሆን እንኳ፥ በልቶ ተኝቶ ከተነሣ በኋላም እውነት ሆኖ ይጠብቀው ነበር። እውነት እስከ ጧት ድረስ ታግሦ ይጠብቃል፤ እስከ ጧት መጠበቅ የማይችለው ስሜት ነው።

የዚህም ተቃራኒ አለ። ሰው በተመሰገነበት ማታ፥ በግብዣ ላይ ጠጥቶና ተጨብጭቦለት ወደ ቤቱ ሲገባ ራሱን ይለካል፤ ቁመቱም ረዝሞ ይታየዋል። በዚያ ሰዓት የማይችለውን ቃል ይገባል፤ የማይከፍለውን ብድር ይበደራል፤ የማይገባውን ሹመት ይመኛል። የተራበው ራሱን አቃልሎ ሲበድል፥ የተመሰገነው ራሱን አክብዶ ይበድላል። በሁለቱም ላይ የጐደለው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ሚዛኑ ሳይረጋ ማንበባቸው ነው።

የጥንት ብልሆች ይህን ዐውቀው ነበር። የሮማው ፈላስፋ ሴኔካ በየሌሊቱ መብራቱ ከተወሰደና ሚስቱ ዝም ካለች በኋላ የዋለውን ውሎ ሁሉ ይመረምር እንደ ነበረ ጽፏል። ሰዓቱ የተወሰነ ነበር፤ ጨለማውና ጸጥታውም መሰናዶው ነበሩ። ራሱንም ሲገሥጽ እንደ ጠላት በቍጣ አልነበረም፤ እንደ ወዳጅ በምክር ነበር። የአሜሪካው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ደግሞ 13 ምግባራትን መርጦ በትንሽ ደብተር ላይ ሠንጠረዥ አሰመረ። ለሰባቱ ዕለታት ሰባት መስመር አድርጎ፥ በየማታው ያጠፋውን በጥቁር ነጥብ ምልክት ያደርግ ነበር። በየሳምንቱም ለአንዱ ምግባር ልዩ ጥንቃቄ ያደርጋል፤ 13ቱም በ13 ሳምንት ይፈጸማሉ፤ በዓመትም አራት ጊዜ ይዞራሉ። ፍራንክሊን ይህን ሲጀምር፥ ካሰበው ይልቅ ጥፋቱ በዝቶ እንዳገኘው፥ ነጥቦቹ እያነሱ ሲሄዱ ግን ደስ እንዳለው ተናግሯል። ወደ ፍጹምነት ግን እንዳልደረሰ አልሸሸገም። ደብተሩ ፍጹም ሰው አላደረገውም፤ በየትኛው ቀን እንደ ተሻሻለና በየትኛው እንደ ወደቀ ግን በስሜቱ ሳይሆን በምልክቱ ያውቅ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ የፍትሕ ነገር ይቀራል። እኛ ራሳችንን ስንለካ የተሻለውን ሰዓት እንመርጣለን፤ ባልንጀራችንን ስንለካ ግን ባገኘነው ሰዓት እንለካዋለን። ለራሳችን ቍጣ «ደክሞኝ ነው» እንላለን፤ ለርሱ ቍጣ ግን «ጠባዩ ነው» እንላለን። ይህ ሲገዙ ጠቅጥቆ ሲሸጡ ጠርጎ ከመስፈር በምን ይለያል? ሰው ሐዘን ላይ ሳለ፥ ሥራ በበዛበት ሰዓት፥ ልጁ በታመመበት ቀን ያየኸውን አንድ ነገር ይዘህ ዕድሜ ልኩን አትፍረድበት። ለራስህ የሰጠኸውን አምስት ደቂቃ ዕረፍት ለርሱም ስጠው፤ ከዚያ በኋላ ለካው። ጥፋቱ ያን ጊዜም ጥፋት ሆኖ ከተገኘ፥ ፍርድህ የበለጠ የጸና ይሆናል እንጂ አይደክምም።

እንግዲህ ወጣት ሆይ፥ ምክሩን በአጭሩ ውሰድ። ራስህን ለመለካት የተወሰነ ሰዓት ይኑርህ፤ ሰዓቱን ስሜትህ አይምረጥልህ። ከመለካትህ በፊት ብላ፥ ዕረፍ፥ ጸጥ በል፤ የሚለካው ነገር ጾም የሚፈልግ ከሆነም ሁልጊዜ በዚያው ልክ ጹም። ያገኘኸውን ጻፈው፤ የነበርህበትንም ሁኔታ ከጎኑ ጻፍ። አንድ ቍጥር አይተህ አትደንግጥ፤ አንድ ቍጥር አይተህም አትታበይ። በደከመህ ማታ ያሰብኸውን ትልቅ ውሳኔ እስከ ጧት አሳድረው። ከማመንህ በፊትም መለኪያው ራሱ እውነተኛ መሆኑን መርምር።

ይህን ሁሉ አድርገህ ጕድለት ያገኘህ እንደ ሆነ ግን ምክንያት አትፈልግለት። መሰናዶ የተደረገው እውነቱ ሲመጣ እንድንቀበለው ነውና፥ ተዘጋጅቶ ተለክቶ ውጤቱን የሚክድ ሰው ሳይዘጋጅ ከተለካው ይብሳል። ቁናው ጐደለ ቢልህ ቁናውን አትስበር፤ እህሉን ጨምር።